ከአፋር በረሃ እስከ ጃቫ ጓሮ

ኤች 5 ኤን 1 በተሰኘ ቫይረስ የሚመጣው የወፍ ጉንፋን በኢንዶኔዥያ መኖሩ በይፋ የተገለጸው በ2004 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት ሰው መግደል በመጀመሩ የገጠሩን ሕዝብ ስለ መከላከያው ማስተማር አስቸኳይ ሆነ። መልእክቱ አጭርና ትክክል ነበር፤ የሞተ ዶሮ በባዶ እጅ አይነካ፣ ይቀበር ወይም ይቃጠል፣ እጅ በሳሙና ይታጠብ፣ የሚበላ የዶሮ ሥጋ በደንብ ይብሰል፣ ዶሮዎች በብዛት ሲሞቱ ለባለሙያ ይነገር የሚል። ይሁን እንጂ በአገሪቱ የጃቫ ደሴት መንደሮች ዶሮ በጓሮ እየጫረ የሚያድግና ሲቸግር የሚሸጥ የቤት ጥሪት ስለሆነ፣ ከከተማ የወረደው ምክር ከኑሮው ጋር ወዲያው አልገጠመም።

ከዚህ የባሰው ችግር የስም ነበር። ዶሮዎቹ ወቅት ሲለዋወጥ በድንገት ሲያልቁበት የኖረው ገበሬ ሞቱን «ቴቴሎ» ይለዋል፤ ይህም የእንስሳት ሐኪሞች ኒውካስል፣ የኢትዮጵያ ገበሬዎች ደግሞ ፈንግል የሚሉት በሽታ ነው። ሁለቱ በሽታዎች በዓይን ብቻ ስለማይለዩ፣ አያቶቹ ለሚያውቁት ሞት አዲስ ስም ይዞ የመጣን አስተማሪ ገበሬው ቢጠራጠር አያስደንቅም። ክንፏን ጥላ ማንጎላጀት የጀመረችን ዶሮ ሳትሞት አርዶ መብላት ወይም ፈጥኖ ገበያ ማውጣትም ከድንቁርና ይልቅ ኪሳራን ለመቀነስ ከሚደረግ አሮጌ ብልሃት የመጣ ልማድ ነበር፤ በሽታውን ወደ ሰውና ወደ ሌላ መንደር የሚያሻግረውም ይኸው ብልሃት ነው።

በ2006 የአገሪቱ ግብርና ሚኒስቴር ከተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ጋር በጃቫ የጀመረው አሳታፊ የበሽታ ቅኝት፣ ማለትም የበሽታን አካሄድ ከባለ ከብቱ ዕውቀት ተነሥቶ የመከታተል ዘዴ፣ የማስተማሩን ቅደም ተከተል ገለበጠው። ሐኪሙ ከማስተማሩ በፊት ተቀምጦ ይጠይቃል፤ የመንደሩ ሰዎች የሚያውቋቸውን የዶሮ በሽታዎች በራሳቸው ስም ይዘረዝራሉ፣ ሞቱ የሚበዛበትን ወር ይናገራሉ፤ ከዚያ በኋላ ጥርጣሬው በፈጣን ምርመራ ይጣራል።

ዘዴው የጃቫ ፈጠራ አልነበረም። በምሥራቅ አፍሪካ አርብቶ አደሮች ዘንድ የደስታ በሽታን፣ ማለትም በአፄ ምኒልክ ዘመን ከብቱን ፈጅቶ ክፉ ቀን ያመጣውን ወረርሽኝ፣ ለማጥፋት በተደረገው ዘመቻ የበሰለ ነው። በ1994 በአፋር ከማኅበረሰቡ ተመርጠው የሠለጠኑ 20 ያህል የእንስሳት ጤና ሠራተኞች፣ ያለ ማቀዝቀዣ ለሳምንታት የሚቆይ ክትባት ይዘው ወደ 73,000 የሚጠጉ ከብቶችን ከተቡ፤ ከ1995 መጨረሻ ወዲህም በአካባቢው በሽታው አልታየም። የከብት መንጋን ከመንገድ በራቀ በረሃ ፈልጎ የማግኘቱ ዕውቀት የአርብቶ አደሩ ስለነበረ፣ ሐኪሙ ከእርሱ መማር ግድ ሆኖበት ነበር።

ኢንዶኔዥያ ይህን ትምህርት በስፋት ወሰደችው፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሠለጠኑት ባለሙያዎች ከ2,000 በላይ ደረሱ። በ2006 በወፍ ጉንፋን መታመማቸው የተረጋገጠው ሰዎች 55 ሲሆኑ፣ በ2013 ግን 3 ብቻ ነበሩ። ቅናሹን በሙሉ ለዚህ ሥራ መስጠት ግን ማጋነን ይሆናል፤ ጓሮው በር በበር ሲጠየቅ፣ ብዙ ዶሮ የሚያረቡ የንግድ ድርጅቶችና የቁም ዶሮ ገበያዎች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሥራው ውጭ ቀርተዋልና።