ሊንክና የጠፋው ሠንጠረዥ

ለአንድ ደንበኛ የውኃ ፓምፕ ምርጫ ሪፖርት ጽፌ ነበር። የአቅም ሠንጠረዡን ከመገልበጥ ብዬ «እዚህ ይጫኑ» የሚል ሊንክ ወደ አምራቹ ድረ ገጽ አስገባሁ። ከወራት በኋላ ደንበኛው ደወሉ፦ «ልጄ፣ ገጹ የለም ይለኛል። ይሄን ቁጥር ታዲያ ከየት አመጣኸው?»

የሚገርመው፣ ዛሬ የምንጠቀምበት ሊንክ የመጣው እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ለመመለስ ነው። ቲም በርነርስ-ሊ ጄኔቫ አጠገብ ባለው የሰርን የምርምር ማዕከል ይሠራ ነበር። እዚያ ብዙ ሰው ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ ይሄዳል፤ የትኛው ሰነድ ከየትኛው ሥራ ጋር እንደሚያያዝ የሚያውቀውም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ በ1989 (እንደ ፈረንጆቹ) ሰነዶችን በሊንክ የማገናኘት ሐሳብ ለአለቃው አቀረበ። አለቃው ማይክ ሴንዳል ሐሳቡ ግልጽ ባይሆንም እንደሚያጓጓ ሽፋኑ ላይ ጻፈበት።

ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ አዲስ አልነበረም። ቴድ ኔልሰን «ሃይፐርቴክስት» የሚለውን ቃል በ1965 አስተዋውቆ ነበር፤ እሱ የተመኘው ግን በሁለቱም ጫፍ የታሰረ፣ የማይበጠስ ሊንክ ነው። በርነርስ-ሊ ቀለል ያለውን መረጠ፦ ባለ አንድ አቅጣጫ ሊንክ። ወደ እናንተ ገጽ ለማመልከት ማንም ፈቃድ አይጠይቃችሁም፤ መመልከቱንም ላታውቁ ትችላላችሁ። ድሩ በፍጥነት የተስፋፋው በዚህ ነው። ዋጋው ደግሞ ይሄው፦ ገጹን ስታነሱት ሊንኩ ባዶ ቦታ እየጠቆመ ይቀራል፣ ለጸሐፊውም የሚነግረው የለም። እንደ ኢንጂነር ብትጠይቁኝ ምርጫው ትክክል ነበር። ስልኩ ሲደወል ግን እንደዚያ አላሰብኩም።

ችግሩ የኔ ብቻ አይደለም። በ2014 የታተመ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጥናት በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች ውስጥ ካሉት ሊንኮች ግማሽ ያህሉ ወደ ተጠቀሰው ማስረጃ እንደማያደርሱ አሳይቷል። ፍርድ ላይ እንኳ!

አሁን ሊንክ የማስገባው አንባቢው ሊያጣራ ለሚፈልገው ቁጥር እንጂ ለሁሉም ቃል አይደለም። «እዚህ ይጫኑ»ን ትቻለሁ፤ ሪፖርቱ በወረቀት ሲታተም ምን ይጫናል? በምትኩ የሰነዱን ስም፣ የገጹን ቁጥርና ያየሁበትን ቀን እጽፋለሁ፤ ዋናውን ሠንጠረዥ አባሪ አደርጋለሁ።

የጠፋውን ገጽ በመጨረሻ ዌይባክ ማሽን ላይ፣ የድሮ ገጾች ቅጂ በሚቀመጡበት፣ አገኘሁት። ቁጥሬ ትክክል ነበር። ደንበኛው ግን እስከዚያ ሌላ ፓምፕ ገዝተዋል።