ቀኑን ከሰማይ የሚያነቡ

የሲዳማ ዘመን መለወጫ በሆነው የፍቼ ጫምባላላ በዓል፣ የጫምባላላ ዕለት፣ ሐይቁ ዳር ያለው የሐዋሳው ጉዱማሌ በሰው ይጥለቀለቃል። ጦርና ጋሻ የያዙ አባቶች ቄጣላ ያዜማሉ፤ ሕዝቡ ይቀበላቸዋል። ይህ ሁሉ ሰው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ አይቶ አልወጣም። ቀኑን የነገሩት ሰማይ ሲመለከቱ የከረሙት አያንቶዎች ናቸው።

የሲዳማ ሳምንት አራት ቀን ነው፦ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቀዋዶ፣ ቀዋላንካ። ፍቼ የሚውለው በቀዋዶ ነው። ግን በየትኛው ቀዋዶ? አያንቶዎቹ ቡሳ የሚባሉትን ተጠጋግተው የሚታዩ ከዋክብት ከጨረቃ ጋር እያስተያዩ ይቆርጣሉ፤ ለየጎሳውም ይነገራል።

አፈ ታሪኩ በዓሉን የሚያያይዘው ከአንዲት ሴት ጋር ነው። ካገባች በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆቿን ልትጠይቅ ስትመጣ፣ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሰናዳ ቡርሳሜ ይዛ ትመጣ ነበር፤ ጎረቤቱም አብሮ ይቀምስ ነበር። ዛሬም ቡርሳሜው በሰፊው የሸክላ ሻፌታ ቀርቦ ቤተሰብ ይከበዋል። ዩኔስኮ ፍቼ ጫምባላላን በ2008 ዓ.ም. በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ መዝግቦታል።

ይህ ጥበብ የሲዳማ ብቻ አይደለም። አንትሮፖሎጂስቱ አስመሮም ለገሰ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ገዳን የሚመለከት መጽሐፍ፣ የቦረና አያንቱዎችም ወራቸውን በጨረቃና በከዋክብት እንደሚለዩ ጽፈዋል። ከሚከታተሏቸው አንዱ ቡሳን ነው፤ ብዙዎች ሰባቱ ከዋክብት፣ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ፕሊያዲስ የሚሉት።

እነዚህ ከዋክብት የዘመኑንም ሊቃውንት አከራክረዋል። ሂፓርኮስ የተባለችው ሳተላይት ርቀታቸውን ወደ 390 የብርሃን ዓመት አወረደችው፤ በኋላ ሌላዋ ሳተላይት ጋያ ወደ 440 ግድም መለሰችው። ክርክሩ የከዋክብቱን ርቀት ብቻ የሚመለከት አልነበረም። የቅርቡ ርቀት ከተሳሳተ የሩቁም ይሳሳታል፤ ዩኒቨርስ የሚሰፋበት ፍጥነት የሚሰላውም በዚሁ የርቀት መሰላል ነው። ዛሬ ፍጥነቱ በጋላክሲዎች ሲለካ በሜጋፓርሴክ በሰከንድ 73 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዩኒቨርስ ጅማሬ ዘመን ከመጣው ጥንታዊ ብርሃን ሲሰላ ግን 67 ግድም ይሆናል።

በጉዱማሌ ጭፈራው ሲያበቃ አባቶች ይመክራሉ፦ ሥሩ፣ ታላቅ አክብሩ፣ የአገር ዛፍ አትቁረጡ። የመጪው ዓመት ፍቼ ቀን ደግሞ ገና አልታወጀም። ቡሳና ጨረቃ እስኪገናኙ አያንቶዎቹ ይጠብቃሉ።