ዝቅተኛ ወርሃዊ ክፍያ ወይስ ዝቅተኛ የሕክምና ወጪ? የአሜሪካ የጤና መድን ምርጫ

በየዓመቱ መጸው ሲገባ፣ በዩናይትድ ስቴትስ የሚኖሩ በርካታ ሠራተኞች ለሚቀጥለው ዓመት የጤና መድን (ኢንሹራንስ) ይመርጣሉ። በታክሲ ሥራም ሆነ በሌላ የግል ሥራ የሚተዳደሩት ደግሞ መድኑን ራሳቸው ይገዛሉ። ብዙዎች የሚያመነቱት በሁለት ዓይነት ውሎች መካከል ነው።

ልዩነቱ የሚጀምረው "ዲዳክቲብል" ከተባለው ክፍያ ነው። ይህም የመድን ድርጅቱ ወጪ መጋራት ከመጀመሩ በፊት፣ ታካሚው በዓመቱ ውስጥ ከኪሱ የሚሸፍነው ገንዘብ ነው። በተለመደው መድን ይህ መጠን አነስተኛ ሲሆን ወርሃዊው ክፍያ ከፍ ይላል። በከፍተኛ ዲዳክቲብል መድን ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ለ2025 እ.አ.አ. በተደነገገው የፌዴራል መስፈርት መሠረት፣ የዚህ ዓይነቱ መድን ዲዳክቲብል ለግለሰብ ቢያንስ 1,650 ዶላር፣ ለቤተሰብ 3,300 ዶላር ነበር።

ስሌቱ ምን ያሳያል?

ለአብነት፣ አንዱ መድን በወር 120 ዶላር የሚከፈልበትና ዲዳክቲብሉ 3,000 ዶላር፣ ሌላው በወር 280 ዶላር የሚከፈልበትና ዲዳክቲብሉ 500 ዶላር ይሁን። ከዚያ በላይ ላለው ወጪ ታካሚው በሁለቱም 20 በመቶ ይከፍላል እንበል። ዓመቱን በጤና ያሳለፈ ሰው በመጀመሪያው መድን 1,920 ዶላር ይተርፈዋል። የ10,000 ዶላር ቀዶ ሕክምና ያስፈለገው ሰው ግን ወርሃዊው ክፍያ ተደምሮ በመጀመሪያው 5,840፣ በሁለተኛው 5,760 ዶላር ያወጣል። በድምሩ ልዩነቱ 80 ዶላር ብቻ ነው። ከባዱ ጥያቄ፣ ሕመሙ ድንገት ሲመጣ 3,000 ዶላር በእጅ ይገኛል ወይ የሚለው ነው።

ገንዘቡ የሌለው ሰው ሕክምናውን ሊያዘገይ ይችላል። ራንድ የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም በ1970ዎቹ በጀመረው ሰፊ ጥናት፣ ከኪስ የሚከፈለው ወጪ ሲጨምር ሰዎች አስፈላጊውንም ሕክምና ጭምር እንደሚቀንሱ አረጋግጧል። ይሁንና እ.አ.አ. በ2010 የወጣው የጤና ሕግ፣ ክትባትንና የመሳሰሉ የመከላከያ አገልግሎቶችን አብዛኞቹ መድኖች ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲሸፍኑ ያስገድዳል።

የጤና ቁጠባ ሂሳብ

እ.አ.አ. በ2003 የወጣ ሕግ፣ መስፈርቱን በሚያሟላ ከፍተኛ ዲዳክቲብል መድን ሥር ያሉ ሰዎች ልዩ የቁጠባ ሂሳብ እንዲከፍቱ ፈቅዷል። በ2025 ግለሰብ እስከ 4,300፣ ቤተሰብ እስከ 8,550 ዶላር ማስቀመጥ ይችል ነበር። ገንዘቡ ለሕክምና ከዋለ ከፌዴራል ግብር ነጻ ነው፤ ወደ ቀጣዩ ዓመት ይሸጋገራል፤ ሥራ ሲለወጥም ከባለቤቱ ጋር ይቆያል። ባለሂሳቡ 65 ዓመት ሳይሞላው ለሌላ ጉዳይ ካወጣው ግን ግብሩ ላይ 20 በመቶ ቅጣት ይጨመርበታል።

በመሆኑም ከፍተኛ ዲዳክቲብል፣ ጤናማ ለሆነና መጠባበቂያ ገንዘብ ላለው ሰው ያመቻል፤ በተለይም አሠሪው ወደ ሂሳቡ ገንዘብ የሚያስገባለት ከሆነ። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት ዘወትር ለሚወስድ፣ ወይም ልጅ ለመውለድ ለተቃረበ ቤተሰብ፣ የተለመደው መድን ወጪውን በየወሩ አከፋፍሎ ያቀልለታል። ከመፈረም በፊት የዓመቱን ወርሃዊ ክፍያ ድምር፣ ዲዳክቲብሉንና ከኪስ የሚወጣውን ወጪ ጣሪያ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማስላት፣ የቤተሰቡ ሐኪም በውሉ መካተቱንም ማረጋገጥ ይገባል።