ሣር መሳይ፣ ሣር ያልሆነ፦ የቄጠማ ወገን ስሞችና የአመዘጋገባቸው ታሪክ

በሃርጌሳ በእንግዳ መምህርነት ሳለሁ፣ ከተማሪዎች ጋር የመስክ ቃል አሰባሰብ ልምምድ ባደረግንበት ቀን፣ ከወንዝ ዳር የተነቀለ አንድ ሣር መሳይ ተክል ጠረጴዛው ላይ ነበር። ስሙ ሲጠየቅ መልሱ ሳይዘገይ መጣ፦ «ዐውስ»፤ በሶማልኛ ሣር ማለት ነው። ቃሉም ትርጉሙም ተመዘገበ። ይሁንና አንዲት ተማሪ አገዳውን በሁለት ጣቶቿ መካከል ለማሽከርከር ሞክራ «ይህኛው እንደ ሣር አይሾርም፤ ጠርዝ አለው» አለች። በቅጻችን ላይ ይህን የምንጽፍበት ዓምድ አልነበረም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያ የጎደለ ዓምድ ነው።

የተማሪዋ ጣቶች ያገኙት፣ የዕፅዋት ተመራማሪዎች ሲፐራሴ ለሚሉት ቤተሰብ የመጀመሪያው መለያ ነው። የሣር አገዳ ክብ፣ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ክፍት፣ በአንጓ የተከፋፈለ ነው፤ ቅጠሎቹም በሁለት ረድፍ ግራና ቀኝ ይወጣሉ። የሲፐራሴ አገዳ ግን በአመዛኙ ባለ ሦስት ማዕዘንና ውስጡ የተሞላ ሲሆን፣ እስከ አበባው ድረስ አንጓ አይታይበትም። ቅጠሎቹ በሦስት ረድፍ ይደረደራሉ፤ የቅጠሉ እግርም አገዳውን ስፌት እንደሌለው እጅጌ ዙሪያውን ገጥሞ ያቅፈዋል። የሣር ቅጠል እግር አብዛኛውን ጊዜ እንደ ነጠላ ጫፍ ተደራርቦ ክፍት ይቀራል። በእርግጥ ጣት ብቻውን አይበቃም፤ ሲፐረስ አርቲኩላተስ የተባለው የዚሁ ቤተሰብ አባል ሆኖ አገዳው ክብ ነው። ከቤተሰብ ወደ ዝርያ ለመውረድም የበሰለ ፍሬ ያስፈልጋል፦ ፍሬው ባለ ሦስት ጎን ነው ወይስ ጠፍጣፋ? የአበባዋ ቅርፊቶች በሁለት ረድፍ የተሰለፉ ናቸው ወይስ ዙሪያውን የተጠመጠሙ? ከመሬት በታች ያለው ክፍል ምን ይመስላል?

በአማርኛ ከዚህ ወገን ስሙ ያላስቸገረው ደንገል ነው። ከሰው ቁመት በላይ የሚያድግ፣ ጫፉ እንደ ጃንጥላ የተበተነ፣ በጣና ታንኳ የሚሠራበት ተክል ከሌላ ጋር አይምታታም። ጄምስ ብሩስ በ1790 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለዚሁ ተክል በሰፊው ጽፏል፤ ሊኔዎስ ሲፐረስ ፓፒረስ ብሎ ከሰየመው 37 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። አንድ ስም፣ አንድ ዝርያ። መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ሌሎቹም ስሞች እንዲሁ ይሆናሉ ብለው እንዲጠብቁ ያደረገው ይህ ቀላል ምሳሌ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ።

ቄጠማ ግን የሥራ ስም ነው። በቀዳም ሹር ካህናቱ የሚያድሉት፣ ምእመናን በራሳቸው ላይ የሚያስሩት፣ በትውፊት ከኖኅ ርግብ ጋር የሚያያዘው ቄጠማ ነው፤ ለበዓልና ለቡና ወለሉ ላይ የሚጎዘጎዘውም ቄጠማ ነው። ከረግረግ የታጨደ፣ ለምለምና ረጅም ይሁን እንጂ የፍሬውን ጎን የሚቆጥር የለም። አጻጻፉ እንኳ ቄጠማ፣ ቄጤማ፣ ቀጤማ እያለ ይለዋወጣል። ለአጥኚው የከፋው ደግሞ ይህ ነው፦ በገበያ የሚሸጠው እስር ሥሩ የተቆረጠ፣ ብዙ ጊዜም ፍሬው ያልበሰለ ነው። ተክሉ ስሙን የሚያገኝበት ጊዜ መለያ ምልክቶቹ የሌሉበት ጊዜ ነው ማለት ነው። እስሩን ገዝቶ «ቄጠማ» ከሚለው ቃል ጎን አንድ የላቲን ስም የሚጽፍ ሰው፣ የሚጽፈው ግምቱን ነው።

ግሶቹ ከስሞቹ ይልቅ ይታመናሉ። ሣር ይታጨዳል፤ የጎጃም ልጃገረዶች በዘመን መለወጫ ዋዜማ የሚወጡት ግን ለእንግጫ ነቀላ ነው። እንግጫ የሚለው ስም ብዙ ጊዜ ለሲፐረስ ወገን ተክሎች ይሰጣል፤ «መንቀል» የሚለው ግስ ተክሉ ከነሥሩ እንደሚፈለግ ይነግረናል፤ «ሣር» ብሎ የተረጎመው መዝገበ ቃላት ግን ይህን አይነግረንም።

በሶማልኛ በኩል ታሪኩ አጭርና የተቆራረጠ ነው። ጊሌት የምዕራብ ብሪታኒያ ሶማሊላንድንና የሐረርጌን ዕፅዋት አንድ ላይ አጥንቶ በ1941 አሳተመ፤ ግሎቨር በ1947 የሶማልኛ ስሞችን የያዘ የዕፅዋት ዝርዝር አወጣ። የሶማልኛ ፊደል በ1972 ከመታወጁ በፊት ስለሆነ ስሞቹ በእንግሊዝኛ ጆሮ የተሰሙ ናቸው። ዐይኑን እና ሐመሩን ከሀሌታው የማይለይ ጽሕፈት ሁለት ቃላትን አንድ፣ አንዱን ቃል ሁለት ሊያደርግ ይችላል። በኢትዮጵያ የወልደ ሚካኤል ቀለቻ የዕፅዋት ስሞች መዝገብ በ1987 አራተኛ እትሙ ላይ ደርሶ ነበር። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ጥናት ሣሮችን በ1995 በ7ኛው ቅጽ፣ ሲፐራሴን በ1997 በ6ኛው ቅጽ ለየብቻ አወጣ። የመጀመሪያው ቅደም ተከተል ስለተገላበጠ አንባቢ እንዳይደናገር። ከእነዚህ ቅጾች በፊት የተዘጋጁ የቃላት ዝርዝሮችን እንደገና ሳናጣራ መገልበጣችን የእኛ የቋንቋ ሰዎች ጥፋት ነው፤ ራሴንም እጨምራለሁ።

የሃርጌሳው ተክል ፍሬ አልነበረውም። ጋዜጣ መካከል አድርቀን «ሲፐራሴ፤ ዝርያው አልተለየም» ብለን ጻፍንበት፤ ከ«ዐውስ» ሥርም የተማሪዋን ዐረፍተ ነገር በሶማልኛ፣ እንደተናገረችው አሰፈርን።