እስስት መልኳን የምትለውጥበት ምክንያት

እስስት ከእንሽላሊት ወገን የምትመደብ፣ በአብዛኛው በዛፍና በቁጥቋጦ ላይ የምትኖር ተሳቢ እንስሳ ናት። በዓለም ላይ ከ200 በላይ ዝርያዎች አሏት። ግማሽ ያህሉ የሚገኙት በማዳጋስካር ደሴት ሲሆን አብዛኞቹ የቀሩት በአፍሪካ ምድር ይኖራሉ፤ ጥቂቶች ደግሞ በደቡብ አውሮፓ፣ በዓረብ ምድርና በሕንድ አሉ። የኢትዮጵያ ደጋ እስስት በሳይንሳዊ ስሟ ትሪዮሴሮስ አፊኒስ ትባላለች። ቀንድ የላትም፤ ርዝመቷም ከነጅራቷ ከአንድ ስንዝር ብዙም አያልፍም። እንደ ብዙዎቹ የቆላ ዘመዶቿ እንቁላሏን አፈር ውስጥ አትቀብርም፤ ልጆቿን በሕይወት ትወልዳለች። የደጋ አፈር ቀዝቃዛ ስለሆነ እናቲቱ ጽንሶቿን በሆዷ ይዛ ፀሐይ ወዳለበት መሄዷ ይጠቅማታል።

እስስት መልኳን የምትለውጠው የተቀመጠችበትን ነገር ለመምሰል ነው የሚለው አስተሳሰብ በሰፊው ቢታመንም በአብዛኛው ስሕተት ነው። ነጠላ ላይ ያስቀመጧት እስስት ጥለቱን አትቀዳም። ቅጠላማ ወይም ቡናማ የሆነው የዘወትር መልኳ ራሱ በቅርንጫፍ መካከል ለመሰወር ይበቃታል፤ ጎንና ጎኗ የተጨፈለቀ ሰውነቷና በነፋስ እንደሚወዛወዝ ቅጠል ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያለች መራመዷም ይረዷታል። ቀለሟን የሚያስለውጧት ዋነኛ ምክንያቶች ሁለት ናቸው፤ ሙቀትና ከሌሎች እስስቶች ጋር ያላት ግንኙነት።

የሙቀቱን ጉዳይ ለመረዳት እንደ ቁስቋም ያለ ቦታ ይመቻል። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ መንግሥታቸውንና የደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩበት ይህ የጎንደር ዳገት ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጣል። በእንዲህ ያለ ከፍታ ሌሊቱ ይበርዳል፣ የቀኑ ፀሐይ ደግሞ ያቃጥላል። እስስት የሰውነቷን ሙቀት በራሷ ማመንጨት ስለማትችል ጠዋት ስትነቃ እጅና እግሯ ገና ደንዝዞ ነው። ስለዚህ ቆዳዋን ታጠቁራለች፣ ጎኗን ትዘረጋና ወደ ፀሐይ ታዞራለች፤ ጥቁር ነገር ብርሃንን ይበልጥ ይውጣልና። ስትሞቅ መልሳ ትፈካለች። ሌሊት ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ተኝታ ሳለች ደግሞ በጣም ትነጣለች፤ ቀን ላይ ዓይን የማይለያት እስስት በባትሪ ብርሃን በቀላሉ የምትታየው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የበለጠ ይገርማል። ሁለት ወንዶች ሲገናኙ ሰውነታቸውን ነፋ አድርገው የደመቀ ቀለማቸውን ያወጣሉ፤ ብዙ ጊዜም ጥሉ ሳይነካከሱ በቀለም ብቻ ያልቃል። በአሜሪካ አሪዞና የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት የየመንን እስስት ወንዶች አጋጥመው ነበር። የጎኑ ሸንተረሮች ይበልጥ የደመቁለት ወንድ ወደ ጠላቱ ለመቅረብ ይደፍራል፤ የጭንቅላቱ ቀለም ይበልጥ የደመቀና ቶሎ የተለወጠ ደግሞ ያሸንፋል። የተሸነፈው ይጠቁራል፤ ይህም መገበሩን ማሳወቂያው ነው። በብዙ ዝርያዎች ዘንድ የጸነሰች ሴትም ሊጠጋት ለሚመጣ ወንድ በቀለሟ እምቢታዋን ታሳየዋለች። እስስቶች ሰው የማያየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ጭምር ስለሚያዩ ከዚህ ንግግር ለእኛ የሚደርሰን ከፊሉ ብቻ ነው። አቋሙን የሚለዋውጥን ሰው «እስስት» ብሎ መስደብ በአማርኛ የተለመደ ቢሆንም ስድቡ እንስሳዋን ይበድላል፤ ፍርሃቷንም ቁጣዋንም ቆዳዋ ላይ አውጥታ የምታሳይ ፍጥረት አስመሳይ ልትባል አይገባም።

መሸሸግ ጨርሶ ቦታ የለውም ማለት ግን አይደለም። በደቡብ አፍሪካ ያለች አንዲት ድንክ እስስት ጠላቷ ወፍ ሲሆን፣ እባብ ከሚሆንበት ጊዜ ይልቅ፣ ከአካባቢዋ ጋር አብልጣ እንደምትመሳሰል ታይቷል፤ ወፍ ቀለም በደንብ ይለያልና። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2008 የዚያው አገር ድንክ እስስቶች ሲነጻጸሩ ብዙ ቀለም የሚለዋውጡት በየዓይነቱ ቦታ የሚኖሩት ሳይሆኑ እርስ በርሳቸው ጎልተው የሚታያዩት ሆነው ተገኙ።

ለውጡ እንዴት ይመጣል? ለረዥም ጊዜ በቆዳ ውስጥ ያሉ የቀለም ከረጢቶች ሲሰፉና ሲጠብቡ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ለማጥቆር ይህ እውነት አለው፤ ሜላኒን የሚባለው ጥቁር ቀለም በሴሎቹ ውስጥ ሲበተን ቆዳው ይጠቁራል። ለአረንጓዴውና ለቢጫው ግን መልሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ከጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ነው። የማዳጋስካርን ፓንተር እስስት ያጠኑት ተመራማሪዎች ከላይኛው ቆዳ ሥር ጓኒን በሚባል ንጥረ ነገር የተሠሩ ጥቃቅን ክሪስታሎች በሥርዓት ተደርድረው አገኙ። እንስሳው ሲረጋጋ ክሪስታሎቹ ይቀራረቡና ሰማያዊ ብርሃን ያንጸባርቃሉ፤ ሰማያዊው በላዩ ካለው ቢጫ ቀለም ጋር ተዳምሮ አረንጓዴ ይሆናል። ሲቆጣ ወይም ሴት ሲያይ ክሪስታሎቹ ይራራቃሉ፣ የሚንጸባረቀውም ወደ ቢጫና ብርቱካናማ ያዘነብላል። ሁሉም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይሆናል። ከሥሩ ያለው ሁለተኛ ድርድር ትላልቅ ክሪስታሎችን የያዘ ሲሆን ዓይን የማያየውን ታሕተ ቀይ ብርሃን ይመልሳል፤ እስስትን ከፀሐይ ግለት እንደሚከላከልላትም ይታሰባል።

እስስትን ብዙ ሰው ይፈራታል፤ መርዝ አላት የሚባለው ግን ሐሰት ነው። ምግቧ ዝንብ፣ ፌንጣና የመሳሰሉት ነፍሳት ናቸው። ሰው ሲይዛት መጥቆሯና አፏን መክፈቷ ጭንቀቷን ያሳያል፤ የነካትን የምትመርዝበት ነገር የላትም።

የደጋዋን እስስት ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤዱዋርድ ሩፔል ነው። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ በሐበሻ ምድር ተዘዋውሮ ሰሜን ተራሮችንና ጎንደርን አየ፤ ዋልያ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮም ሳይንሳዊ ስማቸውን ያገኙት ከእሱ ነው። የእስስቷን ገለጻ እ.ኤ.አ. በ1845 አሳተመ። በአልኮል የተቀመጠ እስስት ቀለሙን ስለሚያጣ የዝርያ ሊቃውንት በቅርፊት፣ በራስ ቅልና በኋላም በዘረ መል ላይ መመካት ግድ ሆነባቸው። በዚሁ መንገድ ከባሌ ተራሮች ብቻ እ.ኤ.አ. በ1995፣ በ1998 እና በ2024 አዳዲስ ዝርያዎች ተለይተዋል፤ የመጨረሻው ቀድሞ እንደ ትሪዮሴሮስ አፊኒስ ሲቆጠር የነበረ ነው።