የምትሃት መጽሔት

የምትሃት መጽሔት ከላይ ሲያዩት አዟሪ ከሚሸጠው ተራ መጽሔት የማይለይ፣ ውስጡ ግን ለመድረክ ትርኢት ታስቦ የተጻፈና የታተመ መሣሪያ ነው። የሚያገለግለው ሜንታሊዝም ለተባለው የምትሃት ዘርፍ ሲሆን፣ ይህ ዘርፍ በአማርኛ «የሐሳብ ንባብ ትርኢት» ሊባል ይችላል። ባለሙያው ተመልካች በልቡ የያዘውን ቃል ወይም ሥዕል ሐሳቡን ያነበበ መስሎ ይናገራል። ኮሪንዳ የተባለው እንግሊዛዊ ባለሙያ 13 ክፍሎች ባሉት ታዋቂ የሜንታሊዝም መማሪያው ሰባተኛውን ክፍል በመጽሐፍ ለሚሠሩ መሰል ትርኢቶች ሰጥቶታል።

በአንደኛው አሠራር ተመልካቹ የፈለገውን ገጽ ይገልጣል፤ ከመጀመሪያው መስመር ረጅሙን ቃል በልቡ ይዞ መጽሔቱን ይዘጋል። ምርጫው ነጻ ይመስላል፤ ሆኖም በየገጹ አናት የሚገቡት ረጃጅም ቃላት ጥቂት ናቸው፤ እየተመላለሱ ይመጣሉ። ቃላቱ «ቤተመንግሥት»፣ «መርከበኛ» እና «ሙዚቀኛ» ናቸው እንበል። ባለሙያው «ሰው ይታየኛል» ብሎ የተመልካቹን ፊት ያያል። ተመልካቹ ካልተስማማ ቃሉ «ቤተመንግሥት» ነው፤ ከተስማማ ደግሞ «ባሕር ላይ ነው» የሚለው ቀጣይ ፍንጭ የቀሩትን ሁለቱን ይለያል። በሌሎች መጽሔቶች የገጹ ቁጥር ራሱ ባለሙያው በቃሉ ወደሚያውቀው ሥዕል ወይም ማስታወቂያ ይመራል።

ከውጭ የሚመጣው መጽሔት በአማርኛ ለሚያነብ ተመልካች አይመችም፤ ተተርጉሞ ቢታተም እንኳ ስልቱ ይፈርሳል። «ከ»፣ «የ» እና «በ» ከቃል ጋር ተጣብቀው ስለሚጻፉ «ቤተመንግሥት» በአንዱ ገጽ «ከቤተመንግሥቱ» ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ስለዚህ ቁልፍ ቃላቱ ያለ ቅጥያ እንዲገቡ ዓረፍተ ነገሩ ከመነሻው በጥንቃቄ መዋቀር አለበት። የቃሉን መነሻ ፊደል እየገመቱ መጠየቅም የተለየ ዘዴ ይሻል፤ እያንዳንዱ ፊደል ሰባት ቅርጽ ስላለው ባለሙያው «መ» ወይም «ሙ» ብሎ ከመወሰን ይልቅ የፊደሉን ቤተሰብ በሙሉ ማሰብ ይኖርበታል።

እንዲህ ያለውን የአማርኛ መጽሔት ለማተምና ለማሳየት የሚያስፈልጉት መድረክና ማተሚያ ቤት በአዲስ አበባ አራዳ ተቀራርበው ይገኛሉ። በ1927 ዓ.ም. በማኅበርነት የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ቴአትር ፒያሳ ነው፤ በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትም ከዚያ ሳይርቅ አራት ኪሎ ይገኛል።

የሐሳብ ንባብ ትርኢት ከጥንቆላም ሆነ ከመተት ጋር አይገናኝም። መሠረቱ የተቀናበረ ጽሑፍ፣ የሠለጠነ የማስታወስ ችሎታና ሰውን አስተውሎ ማየት ነው። ስለዚህ በአማርኛ ስያሜው ውስጥ «ትርኢት» የሚለው ቃል ሊቀር አይገባም፤ ባለሙያውም የሚያሳየው ጥበብ እንጂ መገለጥ አለመሆኑን ለተመልካቹ በግልጽ መንገር አለበት።