የአዳሪው አልጋና የሰኮሩ ስንቅ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚጓዝ መንገደኛ የጊቤን በረሃ ተሻግሮ፣ ጅማ ለመግባት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው ሰኮሩን ያገኛል። ብዙው ሰው ሻይ ጠጥቶ ያልፋታል። እኔ ግን እንዲያ ማለፍ አይሆንልኝም፤ የተወለድሁት ከከተማይቱ ወጣ ብላ ከምትገኝ የገጠር ቀበሌ ነው። በቅርቡ እናቴን ልጠይቅ በሄድሁበት ጊዜ አውራ ጎዳናው ዳር አንዲት እናት የማዳበሪያ ከረጢት ለአውቶቡስ ረዳት ሲያስረክቡ አየሁ። ምን እንዳለበት መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ የበቆሎ ዱቄት፣ ቆሎ፣ በላስቲክ የተቋጠረ በርበሬ። ተቀባዩ ጅማ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጃቸው ነው። የዛሬ 30 ዓመት ያ ልጅ እኔ ነበርሁ።

ከዚያ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ክፍያው በዶላር በሚተመን አንድ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ ለተማሪዎች እንድናገር ተጋብዤ ነበር። አስጎብኚዬ የነርሷን ክፍል፣ የምሳውን ዝርዝር፣ ያዘነ ወይም የተጨነቀ ልጅ ገብቶ የሚያወራበትን ክፍል አሳየችኝ። አንድ ተማሪ ሁለት ቀን ከቀረ ቤቱ ይደወላል። አብሮኝ የነበረ ባልደረባዬ ስንወጣ፣ «ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ነው፤ እኛ ገና ለወንበርና ለመጽሐፍ አልበቃንም» አለኝ። ያን ጊዜ መልስ አልሰጠሁትም። መልሱ የመጣልኝ ሰኮሩ ላይ ከረጢቱን ሳይ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ነገሩ ቅንጦትም አዲስም አይደለም። ዘመናዊ ትምህርታችን ሲወለድ ዓለም አቀፍ ነበር፤ ቀጥሎም አልጋና ምግብን የትምህርቱ አካል አድርጎ ያዘ።

በ1901 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት መምህራን ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። በ1917 የተመረቀው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛን ዋና የትምህርት ቋንቋው አደረገ፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላም ለካናዳ ኢየሱሳውያን ተሰጠ። በ1935 የኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በ1938 ደግሞ ጀኔራል ዊንጌት ተከተሉ። ከክፍለ ሀገር የተመለመለ ልጅ አዲስ አበባ ዘመድ ስለሌለው የሚተኛበት ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ መንግሥት ከሰሌዳው ጋር አልጋውን፣ ከመጽሐፉ ጋር እንጀራውን አቀረበ። ሌላ ነገር ቢያስብ ኖሮ ክፍሎቹ በመዲናይቱ ልጆች ብቻ ይሞሉ ነበር።

ለእኛ ለጅማዎች የቅርቡ ምሳሌ ሌላ ነው። ፕሬዚዳንት ትሩማን እ.ኤ.አ. በ1949 «አራተኛው ነጥብ» የተባለውን የቴክኒክ ድጋፍ ዕቅድ ይፋ ካደረጉ በኋላ፣ የኦክላሆማ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሄንሪ ቤኔት ኢትዮጵያን ጎበኙ። ቤኔት እ.ኤ.አ. በ1951 መጨረሻ ኢራን ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ፤ ሐሳባቸው ግን በማግሥቱ ዓመት ሥጋ ለበሰ። እ.ኤ.አ. በ1952 የጅማ እርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በኋላ ወደ ዓለማያ የሄደው የእርሻ ኮሌጅም የመጀመሪያ ትምህርቱን የጀመረው እዚሁ ጅማ ነው። በ1992 ዓ.ም. ከተመሠረተው ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ምሰሶዎች አንዱ ይኸው ትምህርት ቤት ነው፤ ሁለተኛው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ነበር።

ወደዚያ ትምህርት ቤት የገባን አንድ የኦሮሞ ገበሬ ልጅ አስቡት። እናቱ ያሳደገችው በአፋን ኦሮሞ ነው። አንደኛ ደረጃን የተማረው በአማርኛ ነው። አሁን ደግሞ ከኦክላሆማ የመጣ መምህር በእንግሊዝኛ ስለ አፈር ያስተምረዋል። የተማረ ሰው ከሞፈርና ከጭቃ ተለይቶ ቢሮ ይቀመጣል ተብሎ የተላከ ልጅ፣ ዶክተር የተባለው ፈረንጅ ራሱ አፈር ሲዝቅ ያያል። ሦስት ቋንቋና አንድ የተገለበጠ ዓለም በአንድ ጊዜ መሻገር ቀላል አይደለም። ሆኖም ሲመሽ የሚተኛበት አልጋ፣ ሲነጋ የሚበላው ቁርስ ነበረው። ናፍቆቱን፣ ከአባቱ ቤት እየራቀ መሄዱን አልጋው አላዳነለትም። ረሃብ ግን አልተጨመረበትም።

ያን ዘመን ለማሞካሸት አይደለም የምጽፈው። አዳሪዎቹ እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ በመላ አገሪቱ ከነበረው ሕፃን አንጻር ጠብታ ናቸው። ከሁሉ በላይ እንክብካቤው የንጉሥ ችሮታ ነበር። የዚያ ዘመን ተማሪዎች ንጉሠ ነገሥቱ ለገና ስላደሉት ኬክና ብርቱካን እስከ ዛሬ ያወራሉ። ብርቱካኑ ጣፋጭ ነበር፤ የሚበላው ግን ተሰልፎና እጅ ነሥቶ ነው። ስጦታ ደግሞ ሰጪው ሲሄድ አብሮት ይሄዳል። ከቤተ መንግሥት ማዕድ የበላው ትውልድ በ1957 «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ ሲወጣ፣ አንዳንዶች «ውለታ ቢስ» አሉት። እኔ ግን ልጆቹ የጠየቁት ትክክለኛውን ነገር ይመስለኛል፤ የአባቶቻቸው ኑሮ በችሮታ እንዳይንጠለጠል።

ከ1966 አብዮት በኋላ ትምህርት ቤት ተስፋፋ፤ ይህ የማይካድ ነው። ዳሩ ግን የቀድሞዎቹ ስመ ጥር ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ አዳሪነታቸውን አጡ። ከ1983 ወዲህም ክፍሎች በየወረዳው ተሠሩ፤ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መማር ጀመሩ፤ ይህም ትልቅ እርምጃ ነው። በሁለቱም ዘመን የቆጠርነው ግን ክፍልና ወንበር ነው። ልጁ የት ያድራል፣ ምን ይበላል የሚለው ጥያቄ ለእናቲቱና ለአውቶቡስ ረዳቱ ተተወ።

የራሴን ልናገር። ጅማ ስማር ከአገሬ ልጅ ጋር አንዲት ጠባብ የጭቃ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። በሒሳብ እኔ እሱን አልደርስበትም ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ሳለን ስንቁ የዘገየበት፣ እሱም ወባ የያዘው በአንድ ሳምንት ነው። ቂጣ መጋገርም፣ ውኃ መቅዳትም፣ መድኃኒት መፈለግም በእኔ በ15 ዓመቱ ልጅ ላይ ወደቀ። ሲብስበት በጭነት መኪና አሳፍሬ ወደ ሰኮሩ ላክሁት። በትምህርት ቤቱ «የት ገባ?» ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የክፍል ኃላፊው በስም መጥሪያው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘው። ጓደኛዬ ዳነ፤ ወደ ትምህርት ግን አልተመለሰም። እኔ ዶክተር ተባልሁ። በመካከላችን ያለው ልዩነት ጭንቅላት እንዳልሆነ እሱም እኔም እናውቃለን።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ፣ ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለትም 3.3 በመቶ ነበሩ። ከ1,100 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ከፍተኛ ውጤት ካስመዘገቡት መካከል ጎልተው የወጡት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ናቸው። እርግጥ ነው፣ ተማሪዎቻቸውን መርጠው ይቀበላሉ፤ ስለዚህ አልጋው ብቻውን ተአምር ሠራ አልልም። ነገር ግን ጎበዙን ልጅ መርጠን የምናበላው ከሆነ፣ ገና ጎበዝነቱ ያልታየለት ልጅ መቼ ይበላል?

እንግዲህ የመቶ ዓመቱ ታሪክ በአጭሩ ይህ ነው። የተማሪ ደኅንነት በንጉሡ ዘመን ስጦታ ነበር። ዛሬ በዶላር ለሚከፍል ሸቀጥ ሆኗል። መብት ሆኖ ግን አያውቅም። ስንፈልግ እንደምንችል አዲስ አበባ በ2012 በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የጀመረችው ምገባ አሳይቷል። ለሰኮሩ ልጅ የምጠይቀው የዓለም አቀፉን ትምህርት ቤት የመዋኛ ገንዳ አይደለም። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ከሩቅ የመጣ ልጅ የሚያድርበት ቤት፣ በቀን አንድ ትኩስ ምግብ፣ የወባ መድኃኒት ያላት ነርስ፣ ወንበሩ ባዶ ሲሆን ደግሞ ቀይ እስክሪብቶውን ከማንሳቱ በፊት «ልጁ የት አለ?» የሚል አንድ መምህር። የመጨረሻው ምንም በጀት አይጠይቅም።

የዚያን ቀን ረዳቱ ከረጢቱን ጣሪያ ላይ አስሮ «ሳፈር!» ሲል፣ እናቲቱ የልጃቸውን ስምና የሚኖርበትን ሰፈር ሁለት ጊዜ ደጋግመው ነገሩት። እንዳይጠፋበት ነው።

ቸር እንሰንብት።